«ወገቤ ‹ቋ› ሲል አጥንቱ ቦታው ገባ ማለት ነው?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፤ ከጎንደር ፊዚዮቴራፒስታችን ጋር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የ31 ዓመት ሰው ነኝ፤ ከፒያሳ አዘዞ ባጃጅ እሠራለሁ። ከአምስት ወር በፊት የጓደኛዬ ባጃጅ ቦይ ውስጥ ገብታ ለሦስት ሆነን ስናወጣት ወገቤን ቀጨም አደረገኝ። በማግስቱ ካልሲ ማጥለቅ አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ የዲክሎፌናክ መርፌ እየተወጋሁ ነው የምሠራው፤ ሲተወኝ ይተወኛል፣ መልሶ ይይዘኛል። ሕመሙ መቀመጫዬ ድረስ ይወርዳል እንጂ ከጉልበቴ አያልፍም። ራጅ ተነሥቼ «ዲስክህ ተንሸራቷል» ተባልኩ። የወገብ ቀበቶም ገዝቻለሁ። አሜሪካ ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ካይሮፕራክተር ጋ ሄዳ ወገቧን «ቋ» አድርገውላት እንደተሻላት ነግራኝ፣ አዲስ አበባ ሄጄ የሚሠራውን ሰው እንድፈልግ ገንዘብ ልትልክልኝ ነው። እዚሁ አራዳ አካባቢ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ያየውን የሚሠራ፣ ሰውን በሆዱ አስተኝቶ ጀርባውን በእግሩ እየረገጠ «አጥንቱን ቦታው እመልሳለሁ» የሚል ልጅ አለ፤ 500 ብር ነው የሚጠይቀው። የቱ ይሻለኛል?
(የባጃጅ ሹፌር፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘቡን ገና አታስልክ። አራዳ ያለው ልጅ ጋ ግን ጭራሽ እንዳትሄድ። ምክንያቱን ላስረዳህ፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሠኝ።

የወጌሻ የልጅ ልጅ ነኝ። አያቴ ደምቢያ ውስጥ በአካባቢው ሰው ዘንድ የታወቁ ወጌሻ ነበሩ። ሰው ተሸክመው ሲያመጡላቸው ቶሎ አይነኩትም ነበር። መቀመጥ የሚችል ከሆነ መደቡ ላይ ያስቀምጡትና ጠላ ያስቀዱለታል። ጽዋውን በየትኛው እጁ እንደሚቀበል፣ ሲነሣ በየት በኩል እንደሚሳሳ፣ ፊቱ መቼ እንደሚጨማደድ ዝም ብለው ያያሉ። አውራ ጣታቸውን ቅቤ የሚያስነኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዳስሰው ዳስሰው «ይሄ ከውስጥ የሚግል ነው፤ የእኔ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት» ብለው የመለሱትን ሰው በልጅነቴ አይቻለሁ። እኔም ተምሬ ፊዚዮቴራፒስት ሆንኩ፤ እዚሁ ጎንደር ስሠራ 19 ዓመቴ ነው። የእጅ ሕክምናን የምንቅ ሰው እንዳልሆንኩ እንድታውቅልኝ ነው ይህን የምነግርህ።

ካይሮፕራክቲክ ማለት ራሱ ከግሪክ የተወሰደ ቃል ነው፤ «በእጅ የሚሠራ» እንደማለት። የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል ሰው ነው። ዘመኑ በፈረንጅ 1895፣ በእኛ መስከረም 1888 ዓ.ም. ነው፤ አፄ ምኒልክ የአድዋን ክተት ያወጁበት ወር። ቦታው አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት ከተማ። ሃርቪ ሊላርድ የሚባል የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ጆሮው አይሰማም ነበር። ፓልመር ጀርባው ላይ ጉብ ያለ ነገር ዳስሶ ገፋ ሲያደርገው ሰውዬው መስማት ጀመረ ተባለ። ፓልመርም ከዚህ ተነሥቶ የበሽታ ሁሉ ምንጭ ለማለት ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ጥፋቱን ከቦታው ተናጋ ባለው የአከርካሪ አጥንት ላይ ጣለው። የመስማት ነርቭ ግን ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደው እዚያው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ጀርባ ጋ አይደርስም። ዛሬ ብዙዎቹ ካይሮፕራክተሮች የሚያክሙት የወገብና የአንገት ሕመም ነው። «ከቦታው የወጣ አጥንት እንመልሳለን» የሚለው አባባል ግን እስካሁን ከሰው አፍ አልጠፋም፤ አራዳ ድረስም መጥቷል።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ። ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች የሚገናኙበት ትንንሽ መጋጠሚያ ውስጥ እንደ እንቁላል ነጭ የሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ አለ፤ ፈሳሹ ውስጥ ደግሞ የሟሟ ጋዝ። መጋጠሚያው በድንገት ከፈት ሲል ግፊቱ ይቀንስና ጋዙ አረፋ ይሠራል፤ ያን ጊዜ «ቋ» ይላል። የለስላሳ ጠርሙስ ስትከፍት የሚሆነውን አስብ። ጣትህን አንዴ ካንቋቋህ በኋላ ወዲያው ብትደግመው እምቢ የሚልህም ጋዙ ተመልሶ እስኪሟሟ ሃያ ደቂቃ ያህል ስለሚፈልግ ነው። አጥንት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ባጃጅ መንዳት ይቅርና መቀመጥም ባልቻልክ ነበር።

ዲስኩም አልተንሸራተተም። «ተንሸራቷል» የሚለው ቃል ስንቱን ሰው አልጋ ላይ እንዳስቀረ እኔ ነኝ የማውቀው። ዲስክ ማለት ዙሪያው እንደ ሰፌድ ዙር በዙር የተሰፋ፣ መሐሉ እንደተዘፈዘፈ ተልባ የሚልሞሰሞስ፣ ከላይም ከታችም ከአጥንቱ ጋር ጥብቅ ብሎ የተያያዘ ነገር ነው። ሊያብጥ ይችላል፤ ስፌቱ ሳስቶ ተልባው ወደ ውጭ ሊገፋም ይችላል። ተንሸራትቶ ግን አይወጣም፤ ስለዚህ በእግር ረግጦ የሚመልሰው ሰው የለም። ደግሞም ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ ዲስክ ራጅ ላይ አይታይም፤ የሚታየው በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ብቻ ነው። በኤምአርአይ ቢሆንም ቶሎ አትደንግጥ፦ ምንም የማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች በኤምአርአይ ሲታዩ ከመቶ ሠላሳ ያህሉ ያበጠ ዲስክ ይገኝባቸዋል። ከዕድሜ ጋር እንደሚመጣ የፊት መጨማደድ ቁጠረው።

ታዲያ እህትህ እንዴት ተሻላት? ተሻለኝ ስትል እውነቷን ነው። የሠለጠነ እጅ የተያዘውን መጋጠሚያ ሲያንቀሳቅስ፣ ተኮማትሮ የቆየው ጡንቻ ይፈታል፤ ነርቮችም ለጥቂት ጊዜ የሕመሙን ጩኸት ዝቅ ያደርጉታል። በዚያች በተፈታች ሰዓት ሰው መራመድና መታጠፍ ከጀመረ ትልቅ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ አከርካሪን በእጅ ማንቀሳቀስን ከሚረዱት ሕክምናዎች መካከል ጽፎታል፤ ከትምህርትና ከአካል እንቅስቃሴ ጎን ለጎን ማለት ነው። የእንግሊዞቹ መመሪያ ይብሳል፤ ያለ እንቅስቃሴ ብቻውን እንዳይሰጥ ይላል። የተደረጉት ጥናቶች ሲደመሩም ውጤቱ በደንብ ከተሠራ እንቅስቃሴ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ አይበልጠውም። እዚሁ ደጅህ በነጻ የምታገኘውን ውጤት ፍለጋ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተቀምጠህ መሄድ ለወገብህ አይበጀውም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የወገብ ቀበቶን ደግሞ አትጠቀሙ ከሚላቸው ውስጥ ነው ያስገባው። ቀበቶህን አውልቀው።

በእህትህ ሐኪምና በአራዳው ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ሰማይና ምድር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ካይሮፕራክተር ከባዶ ተነሥቶ ለመሠልጠን አራት ዓመት ሙሉ ጊዜ፣ ከ4,200 ሰዓት ያላነሰ ትምህርት ያስፈልገዋል ይላል። ከዚያ ውስጥ አንዱ ዋና ነገር ማንን መንካት እንደሌለበት መለየት ነው።

ይህን የምለው በእኔ ላይ ስለደረሰ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ ልጅ መጣ፤ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ቢሆነው ነው። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ከርሞ መመለሱ ነበር። «ኩንታል ተሸክሜ ነው» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወገቡን በሙቀት አከምኩ፣ አሸሁት፣ እንቅስቃሴ አሠራሁት። አልተሻለውም። አንድ ቀን ሸሚዙን አውልቆ ሲተኛ ዓይኔ ቀበቶው ላይ አረፈ። ከፋብሪካ ከመጡት ቀዳዳዎች አልፎ በሚስማር የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩበት፤ የመጨረሻው ገና ጫፉ ነጭ ነው። «ይህን መቼ በሳኸው?» አልኩት። «ባለፈው ሳምንት» አለኝ። ያኔ ነው ሌሊት ያልብሃል ወይ፣ ያተኩስሃል ወይ ብዬ የጠየቅኩት፤ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብኝን። ሁለቱንም አዎ አለ። ራጅ ሲነሣ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቹ ተበልተው ወደፊት ደርምሰዋል፤ የአከርካሪ ቲቢ ነበር። ያንን ጀርባ አንድ ሰው ቆሞበት ቢሆን ኖሮ ልጁ ዛሬ በእግሩ አይሄድም ነበር። መድኃኒቱን አንድ ዓመት ወሰደ፤ በመንግሥት ጤና ተቋም የቲቢ መድኃኒት በነጻ ነው። ድኖ አገሩ ገባ። ያን ሦስት ሳምንት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ አንተንም ልጠይቅህ። ሳትፈልግ ከስተሃል? ሌሊት ሌሊት ትኩሳት ወይም ላብ አለህ? ብትጋደምም ብትቆምም የማይለወጥ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ነው? ከዚህ በፊት ካንሰር ታመህ ታውቃለህ? አንዱ እንኳ ካለ ማንም ጀርባህን ሳይነካ ሐኪም ይይህ። እግርህ ከከዳህ፣ ሽንትህ አልወርድ ካለ ወይም ካመለጠህ፣ ወይም ብልትህና መቀመጫህ አካባቢ፣ በቅሎ ላይ ብትቀመጥ ኮርቻው የሚነካው ቦታ ሁሉ፣ ከደነዘዘህ ደግሞ ሊነጋ ነው አትበል፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

በጻፍከው ውስጥ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላየሁም። በእርግጥ ከሌለብህ የአንተ ተራ የወገብ ሕመም ነው፤ «ተራ» ስል አያምህም ማለቴ አይደለም። አደገኛ አይደለም፣ የሚሻሻልም ነው። መርፌውን በራስህ መወጋት አቁም። ዲክሎፌናክ ጨጓራን ያደማል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ሲደጋገም ኩላሊትን ይጎዳል። አገሩ ሁሉ ወገቡን ባመመው ቁጥር «ኩላሊቴ ነው» እያለ፣ ኩላሊቱን የሚጎዳ መርፌ ሲወጋ ማየት ያሳዝነኛል።

ከመርፌው ይልቅ በእግርህ ሂድ። አውስትራሊያ ውስጥ የወገብ ሕመም ታመው ከተሻላቸው 701 ሰዎች ገሚሱ በዕቅድ እንዲራመዱ ተደረገ፤ ቀስ በቀስ እያሳደጉ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ለመድረስ። ያልተራመዱት ሕመሙ በመካከለኛ ግምት በ112 ቀን ተመለሰባቸው፤ የተራመዱት ግን 208 ቀን ቆዩ። አንተ በአሥር ደቂቃ ጀምር። ጠዋት ሥራ ሳትወጣ ከፒያሳ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ቁልቁል ጥቂት ሄደህ ተመለስ፤ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ጨምር። ማታ ምንጣፍ ላይ በጀርባህ ተኛ፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ መቀመጫህን ከመሬት አንሥተህ አምስት እስክትቆጥር ያዝ፤ አሥር ጊዜ። ከዚያ በጉልበትህና በእጅህ ተንበርከክና ጀርባህን እንደ ድመት ወደ ላይ አጉብጥ፣ መልሰህ አለስልሰው። ትንሽ ቢያምህ አትፍራ፤ በማግስቱ ከበፊቱ የባሰ ካልሆነ ልክ ነህ። አዘዞ ተራ ስትጠብቅ ባጃጁ ውስጥ አትቀመጥ፤ ውረድ፣ እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ አምስት ጊዜ ወደ ኋላ ለጠጥ በል። ያ ሁሉ ኮብልስቶን ሲያንገጫግጭህ ውሎ ወገብህ የሚለምንህ ይህችኑ ነው።

በስድስት ሳምንት ለውጥ ካላየህ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሂድ፤ መጋጠሚያን በእጅ ማንቀሳቀስ የእኛም ትምህርት ነው፣ ካስፈለገህ እዚያው ይደረግልሃል። በእህትህ ገንዘብ ንዝረት የሚያበርደውን የባጃጅህን ሶስታ ብትለውጥበት ለወገብህም ይተርፋል።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመታቸው ነው። በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ላይ የውኃ ጄሪካን ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ጀርባቸው መሐል «ቀጭ አለብኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሲያስሉ እንኳ ያማቸዋል። ዋገምት ተደረገላቸው፣ አልረዳቸውም። ጎረቤታችን «የሚያቃና ሰው ላምጣ» ትላለች። አንድ የገረመኝ ነገር ሁልጊዜ የሚለብሱት ቀሚስ አሁን መሬት ይጠርጋል። ስግደቱን ደግሞ ተዉ ብላቸው አይሰሙኝም።
(ልጃቸው፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቀሚሱን ልብ ማለትሽ ተባረኪ። ቀሚሱ አልረዘመም፤ እናትሽ ናቸው ያጠሩት። በዚህ ዕድሜ፣ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ አጥንት ይሳሳል። የሳሳ የአከርካሪ አጥንት ደግሞ እንዲህ ባለ ቀላል ነገር፣ ጄሪካን በማንሣት ወይም በማስነጠስ፣ ፊት ለፊቱ ይጨፈለቃል። ጀርባ የሚጎብጠውም ቁመት የሚያጥረውም ለዚህ ነው። የሚያቃናው ሰው ቢመጣ ሊጫን የሚችለው ይህንኑ የተጨፈለቀ አጥንት ነው። በር ላይ መልሺው።

ነገ ራጅ ይነሡ። ሐኪሙ ከቲቢና ከሌላ በሽታ ይለይላቸዋል፤ ለአጥንቱ የሚሆን መድኃኒት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋቸው እንደሆነም ይነግርሻል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ጥቂት ቀን ማረፋቸው ደግ ነው፣ ነገር ግን አልጋ ላይ አታስቀሪያቸው፤ የተኛ አጥንት ይብስ ይሳሳል። ጠዋት ፀሐይ ላይ ይቀመጡ፣ ግቢ ውስጥ ደጋፊ ይዘው ይንሸራሸሩ። በጾም ጤፉ፣ ሰሊጡና ጎመኑ አይጓደልባቸው፤ ሲፈቱ ወተት። ጄሪካኑን ከእንግዲህ አንቺ አንሺ። ዋገምቱን ተዉት፤ በዚያ ላይ ምላጩ ከሰው ሰው ሲዞር የሚያመጣው በሽታ ከወገብ ሕመም ይከፋል።

ስለ ስግደቱ እኔ ብናገር አይሰሙኝም፤ አንቺንም አልሰሙሽም። የንስሐ አባታቸውን ቤት ጥሪና የራጁን ውጤት ንገሪያቸው። ለታመመ ሰው የሚቀልበትን መንገድ እሳቸው ያውቃሉ። እናትሽም ቃሉን ከእሳቸው አፍ ሲሰሙ ልባቸው ያርፋል፤ ጸሎቴ ጎደለ ብለው አይጨነቁም።

ጥያቄ፦ ፀጉሬን የሚቆርጠኝ ልጅ ሲጨርስ ጭንቅላቴን አሽቶ፣ በመጨረሻ አገጬን ይዞ አንገቴን ወደ ግራ ወደ ቀኝ «ቋ» ያደርገዋል። ደስ ይላል፤ ጓደኞቼ ግን ሽባ ያደርጋል እያሉ ያስፈራሩኛል። እውነት ነው?
(ተማሪ፣ ከማራኪ ካምፓስ)

መልስ፦ ጓደኞችህ ቢያጋንኑም መሠረቱ እውነት ነው። ወደ አንጎልህ ኋለኛ ክፍል ደም የሚያደርሱ ሁለት የደም ሥሮች በአንገትህ አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ አልፈው ነው የሚወጡት። አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ የደም ሥሩ ውስጠኛ ግድግዳ ሊሰነጠቅ፣ እዚያ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊሄድና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። በጣም አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር ነው። ሲደርስ ግን ወጣት ነው ብሎ አይምርም፤ የሠለጠነ ባለሙያ እንኳ አንገትን ከመንካቱ በፊት ብዙ ይጠይቃል። ከተደረገልህ በኋላ ከዚህ በፊት የማታውቀው ብርቱ የአንገት ወይም የራስ ሕመም፣ ማዞር፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም ሚዛን መሳት ከመጣብህ በቀጥታ ሆስፒታል ሂድ፤ አንገትህ መጠምዘዙንም ንገራቸው።

ራስህን ማሸቱን ይቀጥል፣ እሱ ጉዳት የለውም። ስለ አንገትህ ግን ጨርቁን ሳያስርልህ በፊት ንገረው፤ አገጭህን ከያዘ በኋላ ለመናገር ጊዜ አይኖርህም።